ሳይደውሉ የመጡ ሰዎች

በሚኒሶታ ሰው ሳይደውል የሰው ቤት አይሄድም። ልጅ እንኳ እናቱን ሊጠይቅ ሲያስብ አስቀድሞ ይደውላል፤ እናቲቱም «ቅዳሜ አይመቸኝም» ልትለው ትችላለች፤ እሱም አይቀየምም። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስሰማ ለሀገሩ ሰዎች አዘንኩላቸው። እየዋልኩ እያደርኩ ግን ልማዱ የተደበቀ ጥበብ እንዳለው ገባኝ። ሳይደወል የማይንኳኳ በር ብዙ ዕረፍት ያለው በር ነው፤ ከማዶው የቆመው ሰው ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደመጣ በሩ ሳይከፈት ይታወቃል። ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ችግሩ የሚመጣው የሁለት ሀገር ልማድ በአንድ በር ልግባ ሲል ነው። የኔና የባለቤቴ የወይዘሮ አስካለ በር እንደዚያ ያለ በር ነው፤ ሪችፊልድ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአሳንሰሩ በስተግራ። ላርም፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ከደረጃው በስተግራ።

የመጨረሻ ልጃችን ሰላማዊት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ታገለግላለች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ኑሮዋ በጦር መርከብ ላይ እንደሚሆን ማን ነግሮኝ? እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባሕር በሌላት ሀገር ተወልጄ፣ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገሩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ስወለድ ሀገሬ ባሕር አልነበራትም፤ ሳስተምር ነበራት፤ ጡረታ ስወጣ አልነበራትም። ካርታዋን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጠመኔዬ ከባሕሩ ጋር ሲታረቅና ሲጣላ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ በስተርጅና የወለድናት ልጅ ተነሥታ «አንተ በጠመኔ ያጣኸውን እኔ በመርከብ አገኘዋለሁ» ብላን ሄደች። ይህም ይታረም፤ እንዲህ አላለችም። በእንግሊዝኛ ያለችን «ኮሌጅ ያስተምሩኛል» ነው።

በውትድርና ላይ ያለ ልጅ ወላጅ ሥራው ምንድን ነው? እዚህ ሀገር «መደገፍ» ይሉታል። ልጃችሁን እየደገፋችኋት ነው ወይ ብለው ይጠይቁናል። ቃሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ የሚደገፍ እኮ የዘመመ ነገር ነው። እሷ በመርከቧ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ የዘመምነው እኛ ነን። ያም ሆኖ እንደግፋለን። ዳቦ ቆሎ፣ ሚጥሚጣና የወዳጃችን የገመቹ ባለቤት የምትሠራውን ጭኮ በካርቶን አድርገን እንልካለን። ጭኮው እንደ ደረሰ ያልቃል። ሚጥሚጣውን አንድ የቴክሳስ ልጅ እኔ ቃሪያ ያሳደገኝ ነኝ ብሎ በእንቁላል ላይ ነስንሶት ሐኪም ዘንድ ሄዷል አሉ። ከዚህ የቀረው ድጋፋችን መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ ተቀምጠው የሚደክሙበት ብቸኛው ሥራ ነው።

ከታች የሚኖሩ ወይዘሮ ሊንዳ የሚባሉ ደግ ጎረቤት አሉን፤ ወንድ ልጃቸው አንድ ዘመን ወታደር ነበር። ሰላማዊት እንደ ሄደች ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ትንሽ ሰንደቅ አምጥተው በመስኮታችን ሰቀሉልን። ይህ ቤት ልጁን ለአገልግሎት የላከ ቤት ነው ማለት ነው አሉን። ባለቤቴ ኮከቡ ቀለሙን የሚለውጥበት ጊዜ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ የእናት ጥያቄ ነው። ወይዘሮ ሊንዳ፣ ልጁ የሞተ እንደሆነ ወርቃማ ይሆናል አሉ። ሊያጽናኑን ፈልገውም ሌላ ነገር ጨመሩ፤ እንዲህ ያለው ወሬ በስልክ አይነገርም፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች በአካል መጥተው በር ያንኳኳሉ፤ ስለዚህ ስልክ በጮኸ ቁጥር አትደንግጡ። ምክራቸው ሠርቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ሲጮኽ አልደነግጥም።

በዚህ ጉዳይ አሜሪካና እኛ መስማማታችን ይደንቃል፤ እኛም መርዶ በስልክ አናረዳም። የሚያረዳው ሰው ይመረጣል፤ ማለዳ ይኬዳል፤ ቤተሰቡ እስኪሟላ ይጠበቃል፤ ባለ ሐዘኑ እህል ቀምሶ እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል። እዚህ ሀገር ደግሞ አንድ አንቀጽ ተጨምሮበታል፤ ሰው በሥራ ቀን እንዳይሰበር ማክሰኞ የተሰማ ሞት እስከ ቅዳሜ ታፍኖ ይሰነብታል። ስለዚህ የሚኒሶታ ሐበሻ ቅዳሜ ማለዳ በደጁ ጥቁር ካፖርት ያየ እንደሆነ፣ ከሰኞ ወዲህ ማን ማን ሰላምታ እንደነፈገው ማሰላሰል ይጀምራል።

ነገሩ የሆነው በአንድ ክረምት ነው፤ የበረዶውን ክረምት ማለቴ ነው። የሰላማዊት መርከብ ዝም ካለች ሰነባብታ ነበር። ልጅቱ አስቀድማ ነግራናለች፤ በሥራ ምክንያት ኢሜይል የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ አልጻፍኩም ማለት አንድ ነገር ሆኛለሁ ማለት አይደለም ብላ። ሲነገር ቀላል ነው። ማለዳ ማለዳ ትታልን በሄደችው ኮምፒዩተር ፊት እቀመጣለሁ፤ እሱም እያጓራ፣ እያፏጨ ይከፈትና ምንም የለም ይለኛል። አማርኛዋን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፈው። እኔ በፊደላችን ገልብጬ፣ ግድፈቱን በቀይ አርሜ በመሳቢያ አስቀምጠዋለሁ። በዚያ ሰሞን የሚታረም ነገር አልነበረኝም።

ቅዳሜ ማለዳ የታችኛው ደወል ጮኸ። ባለቤቴ በአዛውንቶች መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ገና አልገባችም። በግድግዳው ስልክ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «እኛ ነን መምህር» አለኝ አንድ ድምፅ፤ የአቶ በዛብህ ነው። አቶ በዛብህ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሴንት ፖል ይኖራሉ፤ አንድ ልጃቸው የጭነት መኪና ስለሚነዳ «መንገድ ከባሕር ይብሳል መምህር» እያሉ ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። መልካም ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ መርዶ ከማርዳት ብዛት ፊታቸው በ«እግዜር ያጥናችሁ» ላይ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል፤ የልደት ኬክ ሲቆርሱ እንኳ የሚያስተዛዝኑ ይመስላሉ።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እኛ ማለት እነማን ናችሁ ብዬ ስም በስም ጠየቅሁ። በዛብህ ነኝ አሉ፤ ገመቹ አለ አሉ፤ አንድ እንግዳም ይዘናል አሉ። እንግዳው ማን ነው አልኳቸው። «እሱን ገብተን ብንነጋገር ይሻላል» አሉኝ። በዚህ መሀል ገመቹ ጣልቃ ገባ። ገመቹ ታክሲ ነጂ ወዳጃችን ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳያስቅ አይወጣም። «መምህር፣ መኪናዬን ኖ ፓርኪንግ ላይ ፓርክ አድርጌያታለሁ፤ ቶ አድርገው ሳይወስዷት የቀረውን ስም ላይ ጥሩት» አለ። አቶ በዛብህ በዝግታ «ዛሬ እንኳ አትቀልድ» ሲሉት ሰማሁ።

ዛሬ እንኳ። ሁለት ቃል ናት። በሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ወደ ላይ እስኪወጡ በበሩ ቀዳዳ አሻግሬ ጠበቅኋቸው። ከፊት አቶ በዛብህ በጥቁር ካፖርትና በዚያ ፊታቸው፤ ቀጥሎ ገመቹ፣ ከራቫት አስሮ፤ ገመቹ ከራቫት ሲያስር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከኋላ ረዥም፣ ሽበታም እንግዳ። የለበሰው ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ነው፤ ከፊቱ በሁለት ረድፍ አዝራር አለው፤ በየአዝራሩ ላይ መልሕቅ ተቀርጿል። ሰላማዊት ከባሕር ኃይል ሥልጠና ስትመረቅ የተሰጣት ካፖርት ልክ ይኸው ነው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ወይዘሮ ሊንዳ የነገሩን የደንብ ልብስና የኛ እድር በአንድነት መጥተዋል።

ከፈትኩ። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ሦስቱም በሳሎኑ መካከል እጃቸውን አጣምረው ተደርድረው ቆሙ። እዚህ ላይ መገንዘብ ነበረብኝ። መርዶ ነጋሪ ተቀምጦ፣ ጨዋታ አንሥቶ፣ እያዘናጋ ነው የሚያረዳው፤ ቆሞ የሚቀረው ሌላ ዓይነት መልእክተኛ ነው። ተማሪ ይህን ቢስትብኝ ነጥብ እቀንስበት ነበር። ፍርሃት ግን የተማረውን ሁሉ ያስረሳል፤ መምህሩንም ጭምር። ቀጥለው አቶ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቁርስ ቀምሰዋል መምህር?» ብለው ጠየቁኝ። አልቀመስኩም አልኳቸው፤ ላልቀመሰ ሰው መርዶ አይነገርምና። «ወይዘሮ አስካለስ?» አሉ። ከሥራ አልገባችም። «እንጠብቃታለን፤ ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው የሚሻለው» አሉ።

በዚያች ቅጽበት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የአእምሮ ሐሳብ አልነበረም፤ የአባት ሐሳብ ነበር። ሞት እስኪነገር ድረስ ሞት አይደለም። እነዚህ ሰዎች አፋቸውን ካልከፈቱ ልጄ ከነካፖርቷ በሕይወት አለች ማለት ነው። አፋቸውን እንዳይከፍቱ ደግሞ እኔ የምዘጋበት አንድ መሣሪያ ብቻ ነው ያለኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠቀምኩበት መሣሪያ። ማስተማር ጀመርኩ። መርከቧ ስላለችበት ባሕረ ሰላጤ አስረዳኋቸው፤ አቀማመጡን፣ ጨዋማነቱን፣ ነፋሱን። ጥልቀቱ ከሌሎች ባሕሮች ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የሚባል አይደለም አልኳቸው። መርከብ ለማስጠም ግን ይበቃል የሚለውን አልጨመርኩም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በካልሲያቸው ቆመው አዳመጡኝ፤ ምን ያድርጉ? አቶ በዛብህ ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር አዲስ ምዕራፍ እከፍታለሁ። እንግዳው በጨዋነት «እውነት ነው፤ የባሕር ኃይሉ የወንድሜ ልጅም እንደዚሁ ይለኛል» አለ። የወንድሙ ልጅም አብሮ አልቋል ማለት ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩለት፤ እሱ ደግሞ ዓይኔ እንባ ሲያቅር አይቶ ትምህርቴን ምን ያህል እንደምወድ ተደነቀ። ገመቹ ሁለት ጊዜ በመስኮት ወደ መኪናው ካየ በኋላ «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ለፈተና ይመጣል እንዴ?» ሲል ጠየቀ። አቶ በዛብህ በክርናቸው ጎሸሙት።

ስለ ማዕበል አነሣሥ ስናገር የበሩ ቁልፍ ዞረ። ወይዘሮ አስካለ የሥራ ልብሷ ላይ ካፖርቷን እንደ ደረበች፣ በረዶው ከትከሻዋ ሳይራገፍ ገባች። የእድሩን ሊቀመንበር አየች። የገመቹን ከራቫት አየች። መልሕቆቹን አየች። በመጨረሻ የኔን ፊት አየች፤ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቦርሳዋ ወደቀ። አልጮኸችም፤ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» አለች። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር።

አቶ በዛብህ በዕድሜያቸው ስንት ቤት እንዳስለቀሱ እሳቸው ያውቃሉ፤ ሳይናገሩ ያስለቀሱት ግን የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው። ደነገጡ። ያጠኑት ንግግር ከመሐሉ ተገመሰባቸው። «ልጅዎን እኮ ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ፤ «ለልጃችን፤ ለሚስትነት። ቆመን የቀረነውም ለዚሁ ነው። እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለን ነው።»

ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለገመቹ ነው። «መርዶ መስሏቸው እኮ ነው» አለ ወደ አቶ በዛብህ ዞሮ፤ «ይኸው ጋሽ በዛብህ፣ ይሄ ፊት ለሠርግ አይሆንም፣ ሌላ ሰው እንላክ አላልኩም?» ባለቤቴ ከመሬት ሳትነሣ፣ ስለ ልጄ የሰማችሁት ክፉ ነገር የለም ማለት ነው ብላ ጠየቀች። የለም አሉ። ደግማ ጠየቀች፤ የለም አሉ። እንግዳው ከዴንቨር የመጣ የልጁ አጎት መሆኑን ተናገረ። ልጁም ባሕር ኃይል ነው፤ ኖርፎክ በሚባል ወደብ የብስ ላይ ይሠራል፤ ከሰላማዊት ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው፤ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት «ከፈለግኸኝ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» ብላው ሄዳለች። ካፖርቱስ ብዬ ጠየቅሁ። ሚኒሶታ ብርድ ነው ብሎ ልጁ ያዋሰኝ ነው አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልማዱን ያስታውሰኝ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲመጣበት ምን ይላል? ሰምተናል፤ እንመካከርበታለን፤ ሰንብታችሁ ተመለሱ ይላል። ሲመለሱም፣ አክስቷ ሩቅ ናት፣ አጎቷ አልሰማም እያለ ያመላልሳቸዋል። የልጁን ትውልድ ይጠይቃል፤ ጠባዩን ያስጠናል። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ለማዋስ ሳምንት የማስብ ሰው ነኝ። ታዲያ ምን አልኩ? «ሰጥተናል፤ ውሰዷት» አልኩ። አጎትየው በቃሉ ያጠናውን የሰባት ቤት ትውልድ ሊዘረዝር አፉን ሲከፍት፣ አያስፈልግም አልኩት። እንኳን የማን የልጅ ልጅ መሆኑን፣ የልጁን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። በሕይወት ያለች ልጅ በእጄ ስለገባች፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ብሰጣት አይቆጨኝም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን አባት አላጋጠማቸውም። ከዚያ ተቀመጡ፤ ባለቤቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፍርፍር ሠርታ አበላቻቸው። እኔ ሁለት ጊዜ በላሁ። ስንጨርስ ገመቹ በመስኮት ተመለከተና መኪናው መሄዷን አስታወቀን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ የሚያጓራ ኮምፒዩተር ተከፈተና መልእክት አለ አለኝ። ወይዘሮ አስካለን ጠርቼ፣ ሁለታችን በአንድ ወንበር ተጣብቀን አነበብን። እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ምን ነካህ? ሽማግሌ ላክ ያልኩት እኮ አንተን ስለማውቅህ ነው። የሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራዬን እንኳ ስንት ጊዜ አስደግመኸኝ ነው ጥሩ ነው ያልከው? ቢያንስ ይሄ ጉዞ እስኪያልቅ ታመላልሳቸዋለህ፣ እኔም እስከዚያ አስብበታለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አልወሰንኩም። አሁን ለጦር ሰፈሩ ሰው በሙሉ ነግሯል፤ የጣትሽ ልክ ስንት ነው እያለ ይጽፍልኛል። አይም ኖት ሬዲ፣ አባዬ። ጊዜ ይገዛልኛል ብዬ የተማመንኩት አንተን ነበር።»

በመርከቧ ላይ ሥራዋ ራዳር መመልከት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሁሉ ቀድማ ታያለች። አባቷ እንደሚቸኩል ግን ራዳሩ አላሳያትም። መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ ሆና «ሞተሽ መስሎኝ ነው ብለህ ልትጽፍላት ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። ባሕር ላይ ላለች ልጅ የአባቷን ፍርሃት አይልኩላትም፤ ጭኮ ነው የሚላክላት። ስለዚህ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ «የኔ ልጅ፣ ቸኩያለሁ፤ ይታረማል።»

ማረም የኔ ሙያ ነው፤ ይህን ማረም ግን በቀይ እስክርቢቶ አይሆንም። የተሰጠ ቃል የሚመለሰው በአካል ተሂዶ፣ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ካፖርቴን ለብሼ፣ ገመቹን ከራቫቱን እንደገና አሳስሬ ወደ ሴንት ፖል፣ ወደ አቶ በዛብህ ቤት ሄድን። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ መንገዱ ሁሉ መስታወት ሆኗል፤ የተገለበጠ የጭነት መኪናም አይተን አለፍን። ገመቹ በመንገድ ላይ ቀድሜ ልደውልላቸው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ በስልክ ነውር ነው አልኩት።

ደጃፋቸው ስንደርስ የመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ አለ። የአቶ በዛብህ ባለቤት ፊት ታየ፤ ካፖርቴን አየ፤ ከራቫቱን አየ፤ ጠፋ። በሩ ሳናንኳኳው ተከፈተ። አቶ በዛብህ በፒጃማ ቆመዋል። ያ ዘወትር ሌላውን የሚያጽናና ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ባዶ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ከኋላቸው ሚስታቸው የልጃቸውን ስም በዝግታ ትጠራለች። እኔም በምን እንደምጀምር ጨነቀኝ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ መቼም ጨዋነት አይከፋም ብዬ፣ «ቁርስ ቀምሰዋል?» አልኳቸው።